የዳኛው ሚስት ስድቦች

ሰኞ፣ ጥር 6

ይህን ደብተር የላከችልኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ በስተርጅና ፊደል ከቆጠርሽ አይቀር ጻፊበት» አለችኝ በስልክ። ምን ልጻፍ ብላት «የሚያናድድሽን ጻፊ፣ ይወጣልሻል» አለች። እንዲያ ከሆነ አንድ ደብተር አይበቃኝም።

የሚያናድደኝ ባሌ ነው። ትናንትም ብርጭቆ ሰበረ። አጠገቡ ያስቀመጥኩለትን ብርጭቆ በክርኑ ገፍቶ ጣለና «ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» ይለኛል። እዚህ ቤት ከእሱና ከእኔ በቀር ማን አለ? ድመት እንኳ የለንም።

ከቧንቧ ሥራ ጡረታ ወጥቷል። ከፊሽካው ግን አልወጣም። እሑድ በመጣ ቁጥር ጥቁሩን ማሊያ ለብሶ የሠራተኞች ሊግ የሚባለውን ኳስ ሊዳኝ ይሄዳል። የጡብ ፋብሪካው፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የአናጢዎቹ፣ የአውቶብስ ጣቢያው፣ የሆስፒታሉ ቡድን። ሳምንቱን ሙሉ ሲለፉ ሰንብተው እሑድ ይራገጣሉ፤ እሱ መሀላቸው ቆሞ ይሰደባል። ደመወዝ የለውም። ክፍያው ስድብ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረ። ሕዝቡ «ጋሽ ሰዓቱ» ይለዋል፣ ከጨዋታ ላይ አንዲት ደቂቃ አይሰርቅምና። ልጃችን የተወለደች ዕለትም ሜዳ ላይ ነበር። ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት ማንም እንዳይረሳው ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ገበያ ላይ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አብራኝ የሠራች ጓደኛዬን አገኘሁ። ሰላምታ ሳንጨርስ «ባልሽን ምን ነካው?» አለችኝ። «ዓይን ክፍል በር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ብቻውን ነው። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።»

ቤት ስገባ የት ዋልክ አልኩት። የውኃ ሂሳብ ልከፍል አለ። ዕድሜ ልኩን የውኃ መሥሪያ ቤት ሠርቶ መዋሸቱንም በውኃ ነው የሚዋሸው።

ማታ ሻይ ሲጠጣ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው። ማንኪያ አነሳሁ፣ አወዛወዝኩ። ምንም። እጄን አነሳሁ። ምንም። በመጨረሻ ምላሴን ሙሉውን አወጣሁበት። ሻዩን ፉት አለ፣ ጣፍጧል አለ።



ዓርብ፣ ጥር 10

ሆስፒታል ሄድኩ። ዓይን ክፍል ያለችው ነርስ እኔ ያጠብኩትን ጋውን ለብሳ ያረጀች ናት። «እሱ ራሱ ቢነግርሽ ይሻላል» አለችኝ። «እሱማ ብርጭቆ እየሰበረ እየነገረኝ ነው» አልኳት። ያን ጊዜ ወደ ሐኪሙ አስገባችኝ።

የዓይን ግፊት ነው። ከጎን ከጎን እየጠፋ ወደ መሀል ይመጣል። አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል፣ ግራና ቀኙ ግን ግድግዳ ነው። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ይጠብቃል፣ ከጠበቀ።

«ዳኝነቱስ?» አልኩ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲተው ነግሬዋለሁ። 'እስከ ሊጉ መጨረሻ ብቻ፣ ልጄ፣ ለማንም እንዳይነገርብኝ' አለኝ።»

ለምን እንደሚደብቅ ገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዳር ሆነው «ዕውር! ዕውር!» ሲሉት ኖረዋል። አሁን እውነት መሆኑን ከሰሙ ዛሬን ብቻ አይደለም የሚጠራጠሩት። «ድሮም አያይም ነበር» ይሉታል። የፈረደው ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ይፈርሳል። ሰውየው ከዚያ ሌላ ምን አለው? ገንዘብ የለው፣ ርስት የለው። አድልቷል ተብሎ አያውቅም፤ ያለው እሱ ብቻ ነው።

በደግነቴ አይደለም የምጽፈው። ሐቅ ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ዛሬ የሊጉን ደንብ የያዘውን ትንሽ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። «እስቲ አንብቢልኝ፣ ንባብሽ ይጠነክራል።»

ስንት ዓመት ሙሉ የልጄን ደብዳቤ እሱ ነበር የሚያነብልኝ። እኔ ጣቴን ቀለም ነክሬ እፈርም ነበር። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ልብሳቸውን አጥቤ የምሸኛቸው እኔ ነበርኩ፤ ፊደል የቆጠርኩት ከጡረታ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። አሁን እሱ ቁጭ ብሎ «ንባብሽ ይጠነክራል» ይለኛል።

እንዳላወቀ ሆኜ አነበብኩለት። ቀስ እያልኩ፣ እየተንተባተብኩ። አንድም ቦታ አላረመኝም። ከዚህ በፊት አንድ ፊደል ስስት ያርመኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 12

ሜዳ ሄድኩ። ከስንት ዓመት በኋላ። ጥላዬን ይዤ መስመሩ ዳር ተቀመጥኩ።

የሆስፒታሉና የአውቶብስ ጣቢያው ቡድን ነበር። ባሌ አንገቱን እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ እያሽከረከረ ይሮጣል። ሌላው ሰው ንቃት መስሎታል። በግራው በኩል አንዱ የሌላውን ማሊያ ይዞ ሲጎትት፣ እሱ ቀጥ ብሎ ፊት ፊቱን ያያል። ሕዝቡ «ዕውር! ዕውር!» እያለ ጮኸ።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «አንተ ድንጋይ! አንገት አልፈጠረልህም? ዙር እንጂ!» አልኩ። ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም።

ወደ ግራ ዞረ። ማሊያው ገና በሰውየው እጅ ነበር። ነፋ።

ቤት ስንገባ ጫማውን እየፈታ «ዛሬ አፍሽ ስል ነበር» አለ።

«መቼ ደንዞ ያውቃል?»

«አያውቅም።» ሁለተኛውን ጫማ ፈታ። «በሚመጣውም ሳምንት ነይ።»

እሑድ፣ ጥር 19

ድንጋይ ስለው በግራ ነው። ግንድ ስለው በቀኝ። ጥፋት አይቼ ይነፋ ዘንድ የምፈልግ ከሆነ «አንተ እንቅልፋም!» እላለሁ። ማንም ከማንም ጋር አልተነጋገረበትም፤ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። እሱም አያነሳው፣ እኔም አላነሳው።

አንድ ስድብ ብቻ አልሳደብም። ሁሉም የሚለውን።

ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሜዳ ላይ እንዲህ ያደረገችው፣ ቤት ውስጥማ እንዴት አድርጋ ትልጠው ይሆን?» አለች አንዷ። ሌላዋ «ምስኪን ሰውዬ» አለች። ዞሬ አላየኋቸውም። በኋላ ያችው መጀመሪያ የተናገረችው ትከሻዬን ነክታ የውኃ ጠርሙስ አቀበለችኝ። «ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ።» ምን ያህል ብታፌዝብኝ ነው!

ውኃውን ግን ጠጣሁት።

እሑድ፣ ጥር 26

ደክሞኛል። ወፍጮ ቤቱ አሸነፈ። ጉሮሮዬ እሳት። ነገ እጽፋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 29

አልጻፍኩም። ምን አለ ለመጻፍ? ጠብታውን ሽንት ቤት ገብቶ ነው የሚያንጠባጥበው፣ ተደብቆ። ግማሹ ጉንጩ ላይ ይፈስሳል። ሲወጣ «ምን ሆነህ ነው ያለቀስከው?» አልኩት። «ሽንኩርት» አለኝ። ሽንት ቤት ውስጥ ሽንኩርት!

ሰኞ፣ የካቲት 4

የጫማዬ ተረከዝ ወልቆ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ይህ ሰው ከባሌ ጋር ከወጣትነቱ ጀምሮ የመስመር ዳኛ ነው። መርፌውን ሰም እየቀባ ዓይኑን ሳያነሳ፦

«እታለም፣ የእኔ ባንዲራና የአንቺ ምላስ ቢመዘኑ ያንቺ ይከብዳል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ባንዲራ ሳነሳ አያየኝም። ስለዚህ ባንዲራዬን ይዤ አጠገቡ ድረስ እሮጣለሁ። ጉልበቴ አለቀ። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ነው ያረፍኩት።»

ደንግጬ ጫማውን ከእጁ ልቀማው ምንም አልቀረኝ። «ለማንም እንዳትናገር!»

«ለማን እነግራለሁ? ለጫማ?»

ተረከዙን እየመታ ሳለ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። «ይህ ሰው አንድ ቀን ብቻ ነው ሰዓት የሰረቀው» አለኝ። ልጃችን የተወለደች ዕለት፣ ምጥ ይዟታል ብሎ ሰው እየሮጠ ሜዳ ሲደርስ፣ ባሌ ጨዋታው ሳያልቅ ፊሽካውን ነፍቶ በቁምጣው ወደ ሆስፒታል ሮጠ። የተሸነፈው ቡድን ከስሶት ሊጉ ገሠጸው። ለምን አቋረጥክ ሲሉት «ሰዓቴ ቆሞ ነው» አላቸው።

አላመንኩትም። ቤት ስደርስ ግን ትዝ አለኝ። እኔ አልጋ ላይ፣ ሕፃኗ ደረቴ ላይ፣ እሱ በሩ ላይ በቁምጣ፣ ጉልበቱ ጭቃ፣ ፊሽካው ከአንገቱ ሳይወርድ። «ከሜዳ ነው የመጣኸው!» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ለምን አልነገረኝም? እኔስ ብሆን መቼ ጠየቅኩት።

እሑድ፣ የካቲት 10

የሁለቱ ቡድን አምበሎች መሀል ሜዳ ሲገናኙ የጡብ ፋብሪካው በረኛ ባሌን በክንዱ ይዞ ቦታው ላይ አቆመው። በረኛው አምበልም ነው፤ በር የሚያህል፣ ከጡብ ማቃጠያው ጢስ ዓይኑ የቀላ ሰው። ዕጣ የተጣለበትን ሳንቲምም መሬት ላይ ከመተው ይልቅ አንስቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

ሽማግሌ አድርገውት ይቀልዱበታል። ደሜ ፈላ። ለዚያ በረኛ አንድ ቀን እነግረዋለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 17

ዛሬ ክፉ ቀን ነው። መጻፍ አልፈልግም።

ጡብ ፋብሪካው ከአናጢዎቹ ጋር። ኳሱ የጡብ ፋብሪካውን ተከላካይ መታው፤ እኔ እጁን ሲያነሳ አየሁ። አየሁ ብዬ ነው። «እንቅልፋም!» አልኩ። ባሌ ሳያመነታ ነፋ። ፔናሊቲ። ገባ። ጡብ ፋብሪካው በዚያች ጎል ተሸነፈና ወደ መጨረሻው ደረጃ ወረደ። በረኛው ማሊያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ መሬት ተቀመጠ። ያ ሁሉ ሰውነት እንደ ሕፃን ተኮራምቶ።

በመንገድ ላይ ጫማ ሰፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ደረቱን ነው የመታው፣ እታለም።»

ሰኞ፣ የካቲት 18

እራት አልበላሁም። እሱም ሳህኑን ገፋ። ከዚያ እሱ ቀደመኝ።

«አላየሁትም። በድምፅሽ ነው የነፋሁት።»

የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ። «ደረቱን ነው አሉ።»

«አውቃለሁ። ድምፁ የደረት ነበር። ኳስ ደረት ሲመታና ክንድ ሲመታ ይለያያል። ጆሮዬን ማመን ሲገባኝ አንቺን አመንኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንደማውቅ ያወቅከው?»

«ምላስሽን ያወጣሽብኝ ማታ።»

«አላየኸኝም እኮ!»

«ከጎን አላየሁሽም። ፊት ለፊቴ መስኮት ነበር፣ ከውጪ ጨለማ። መስታወቱ ውስጥ አየሁሽ።» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ይስቃል! «እስከ አገጭሽ ድረስ አውጥተሽው ነበር። እንደዚያ ያለ ምላስ አይቼ አላውቅም።»

ሰውየው ይህን ሁሉ ሳምንት እያወቀ ሽንት ቤት ተደብቆ ጠብታ ያንጠባጥባል። እኔ እያወቅሁ ደንብ አነብለታለሁ። ሁለት ያረጁ ሞኞች።

ሳቁ ሲያልቅ «ነገ ለሊጉ ጸሐፊ ነግሬ አቆማለሁ» አለ። «ሰው በደልኩ። ስሜን ለማዳን ብዬ ሰው በደልኩ።»

ይህን ቃል ለመስማት ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄአለሁ። አቆማለሁ። እሑድ ቤት እውላለሁ። እልል ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ጨርስ» የሚል ነው።

«ምን?»

«የጀመርከውን ጨርስ። እሑድ እሑድ እዚህ ተጎልተህ ብርጭቆ ስትሰብር ልይህ? አልችልም። ግን መጀመሪያ ሄደህ ለበረኛው ንገረው። በዓይኑ እያየኸው።»

ለራሴ ብዬ ነው ጨርስ ያልኩት። ብርጭቆ ተወዷል።

ከዚያ የቆየ ካልሲውን ጠቅልሎ ኳስ ሠራና ግድግዳው ሥር አቆመኝ። ደረቴን መታኝ። «ይህ ደረት ነው፣ ስሚው።» ክንዴን መታኝ። «ይህ ክንድ ነው። ክንድሽ ከጎንሽ ተጣብቆ ከሆነ ጥፋት የለም። እንዲህ ከዘረጋሽው ጥፋት ነው። ዘርጊው።» ዘረጋሁ። መታው። «እንቅልፋም!» አለ። የመጨረሻውን ወርውሮ ሳተና ጣሳውን ገለበጠው። እኔ አልሳቅሁም። ጎረቤት ግን ግድግዳውን መታብን።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ጡብ ፋብሪካ ወሰድኩት። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ ባሌ ኮፍያውን አውልቆ ይናገራል፣ በረኛው አቀርቅሮ ይሰማል። ከዚያ በረኛው የባሌን እጅ በሁለት እጁ ያዘው። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ሊሰብረው ነው ብዬ ወደ ውስጥ መራመድ ጀምሬ ነበር።

«ምን አለህ?» አልኩት ሲመለስ።

«ምንም። እሺ ጋሼ አለኝ።»

ይህን ያህል ጊዜ ይዞህ እሺ ብቻ? አልኩ በልቤ።

እሑድ፣ መጋቢት 1

ሁለት ድንጋይ፣ አራት ግንድ፣ አንድ እንቅልፋም። ስሕተት የለም። ተመስገን።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ዝናብ። ሜዳው ጭቃ። አንዴ ተንሸራትቶ ወደቀ። ከሁለቱም ቡድን ሮጠው አነሱት። አቧራ የሚያራግፉለት ይመስል ጭቃውን እየጠረጉ መልሰው ቀቡት። ቤት ስናጥበው፣ ማሊያውን ማለቴ ነው፣ ውኃው እንደ ጡብ ቀላ። እጄ የሆስፒታሉን አንሶላ ዘመን አስታወሰ።

አሁን ጠብታውን እኔ ነኝ የማደርግለት። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ያደርጋል። «አትርገብገብ» እለዋለሁ፣ ይርገበገባል። «አንተ ግንድ» እለዋለሁ፣ ወደ ቀኝ ያያል። ሞኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

የሊጉ ጸሐፊ ቤታችን መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ቀን የወፍጮ ቤቱን ሚዛን ይይዛል። የመጨረሻውን ጨዋታ ጋሼ ናቸው የሚዳኙት አለ። ጡብ ፋብሪካው ከጸሐፊው ከራሱ ከወፍጮ ቤቱ ጋር። ጡብ ፋብሪካው ካሸነፈ በሊጉ ይተርፋል፣ ወፍጮ ቤቱ ይወርዳል። አቻ ከወጡ ወይም ከተሸነፈ ጡብ ፋብሪካው ነው የሚወርደው።

ባሌ አንዴ አስቦ «ከዚያ በኋላ ፊሽካዬን አስረክባለሁ» አለው። ጸሐፊው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ይህ ገርሞኛል።

ሲወጣ በሩ ላይ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎም ይመጣሉ አይደል?»

«የምቀርበት ምክንያት የለኝም።»

«እንዳይቀሩ። ይመጣሉ ብዬ ልያዘው?»

ይህ ሁሉ ውትወታ ምንድን ነው? ስድብ አጥተው ነው?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

ድምፄ ጠፋ። ጠዋት ስነሳ የለም። ባለፈው እሑድ ያገኘኝ ብርድ ነው። ሎሚ፣ ማር፣ ሙቅ ውኃ በጨው። አየር ብቻ ይወጣል።

ባሌ ጆሮውን ወደ አፌ አስጠግቶ ሰማ፣ ምንም የለም። «ሠላሳ ዓመት የለመንኩትን ፈጣሪ ዛሬ ሰጠኝ» አለ። ሊያስቀኝ ብሎ ነው። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5

የለም። ዛሬም የለም።

አንድ ሙሉ ወር ቢጠፋ ግድ የለኝም ነበር። ነገን ብቻ!

እሑድ፣ ሚያዝያ 6፣ ጠዋት

በዚህ ደብተር አንድ ሙሉ ገጽ ላይ በትልልቁ «አትሂድ» ብዬ ጻፍኩና ሰጠሁት። ፊት ለፊቱ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ፊደል በፊደል አየው። እኔ ስጀምር እንደማነበው ነው ያነበበው።

«ጽሕፈትሽ አምሯል» አለኝ። ከዚያ ጥቁሩን ማሊያ ለበሰ።

ጥላዬን አነሳሁ። ምን ላደርግ እንደምሄድ አላውቅም። ብቻውን ግን አይሄድም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6፣ ማታ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ እስኪነጋም ቢሆን።

ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። የጡብ ፋብሪካው ሰው ባንዱ ዳር፣ የወፍጮ ቤቱ በሌላው። እኔ እንደ ወትሮዬ መሀል መስመር ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሰላም ሲሉኝ ጉሮሮዬን አሳየኋቸው። አንዷ ለሌላዋ ነገረች፣ ሌላዋ ለቀጣይዋ። ወሬው በመስመሩ ዳር እንደ እሳት ዞሮ ሲሄድ አየሁት። ለምን እንደሚሄድ አልገባኝም ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። አንድ ነገር ልብ አልኩ። ኳስ በወጣ ቁጥር አንዱ ተጫዋች «ጋሼ፣ ከእኔ ነው የወጣው» ይላል። ጠልፎ የጣለውም ቆሞ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ወፍጮ ቤቱም ጡብ ፋብሪካውም። ጸባይ ገዝተው ነው የዋሉት አልኩ። አንድ ለአንድ ሆኑ። አቻው ለወፍጮ ቤቱ ይበቃዋል፤ ለጡብ ፋብሪካው ሞቱ ነው።

ሊያልቅ ሲል ጡብ ፋብሪካዎቹ ወደ ጎሉ መቱ። የወፍጮ ቤቱ ተከላካይ፣ ያ ዱቄት ከቅንድቡ የማይለቀው ረጅሙ፣ በግቡ አፋፍ ክንዱን ዘረጋ። ኳሱ ክንዱን መታ። ክንድ ነው። የካልሲውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባሌ ግን ሁለት ሰዎች ፊቱ ተጋጭተው ወድቀው እነሱን ያያል፤ ነገሩ ከግድግዳው ወዲያ፣ በግራው ነው የሆነው። ከጩኸቱ ብዛት ጆሮውም አልረዳውም።

ከዚያ ጩኸቱ ቆመ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ተጫዋቾቹ ቆሙ። ጫማ ሰፊው ባንዲራውን እንደያዘ መሮጥ ጀምሮ ተወው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በሁለቱም ዳር ያለው፣ ፊቱን አዙሮ የሚያየው ባሌን አይደለም። እኔን ነው።

ተነሳሁ። አፌን ከፈትኩ። አየር። እንደገና ከፈትኩ። አየር።

ያን ጊዜ ያ ዱቄታሙ ተከላካይ ከቦታው ተንቀሳቀሰ። ወደ ባሌ ሄደ፣ በአባቱ ፊት እንደሚቆም ልጅ ሁለት እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። ወደ እኔ አንዴ አየ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ እየሰማው፦

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እርስዎ እንቅልፋም።»

ባሌ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱን ወደ ልጁ መለሰ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሕዝቡ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በዚያች በቁልፍ ቀዳዳ እያንዳንዱን ፊት ለየብቻ እንደሚያይ። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊሽካውን ወደ አፉ አደረገ። ነፋ። ጣቱን ወደ ፔናሊቲው ነጥብ ዘረጋ።

አንድም ሰው «ዕውር» አላለም።

ጡብ ፋብሪካው አገባ። ወፍጮ ቤቱ ወረደ። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ልጁን ከበቡት፣ አንዱ ደረቱን ገፋው። «ማን ተናገር አለህ? ማን አየህ?» ይሉታል። ልጁ ዓይኑን እየጠረገ «እማማ ድምፅ ቢኖራቸው ይናገሩ የለ?» አላቸው። እስከ መንገዱ ድረስ እየሰደቡት ነው የሄዱት። እኔ ተከትዬው ሄድኩ። የምለው አልነበረኝም፣ የምልበት ድምፅም አልነበረኝም። ጥላዬን ከፍቼ ራሱ ላይ ያዝኩለት። ፀሐይም ዝናብም አልነበረም።

ሦስታችን ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ጫማ ሰፊውን ጠየቀው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ከመጀመሪያው ድንጋይ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። 'አያየንም ብለን ብንሰርቅማ ጋሽ ሰዓቱን ነው የምንሰርቀው' አሉ። ተማክረው ነው።»

ባሌ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ያኔ ጡብ ፋብሪካ በረኛው ያለኝን አልነገርኩሽም። እንዳትከፊ ብዬ ነው። 'ጋሼ፣ ፍርድዎን አውቀዋለሁ፤ ስድብዎን ብቻ አስተካክለው ይምጡ' ነው ያለኝ።»

ድምፅ ቢኖረኝ እሰድበው ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 13

ፊሽካውን አስረክቧል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተመኘሁት እሑድ ይኸው መጣ። ተቀምጠን ተያየን። እሱ ጫማውን ሦስቴ ጠረገ። እኔ ታጥቦ የደረቀ ልብስ መልሼ አጠብኩ። መጨረሻ ላይ «ነይ ውጪ እንውጣ» አለ።

ድምፄ ተመልሷል፣ ግን ቀጭን ነው። ጎን ለጎን ሄድን። የወፍጮ ቤቱን ተከላካይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየነው፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳን። አሁንም አንዳንዶቹ አያናግሩትም አሉ። ባሌ ቆሞ እጁን ጨበጠው፣ ነገ ማታ ቤት ና፣ እራት አብረን እንበላለን አለው።

መንገዱን ልንሻገር ስንል በቀኝ በኩል ብስክሌት ሲበርር መጣ። ባሌ አላየውም፣ እግሩን አንስቷል። እጁን ልይዘው ስል እጄ የገበያ ዘንቢል ይዟል።

«ግንድ» አልኩት። ቀስ ብዬ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ።

ቆመ። ወደ ቀኝ ዞረ። ብስክሌቱ አለፈ። ከዚያ ክንዱን ከጎኑ ገለጥ አድርጎ፣ እንድይዘው ጠበቀኝ።